ፊት ስለሌለው ስድብ

የክፉ ቃል ክፋቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ስለ ሆነ፥ ስድብ ነውር ነው ብሎ መጻፍ ለአንባቢ ምንም አይጨምርለትም። ነገር ግን በዘመናችን ስድብ ባሕርዩን ሳይለውጥ መንገዱን ለውጧል፤ ከመንገዱም መለወጥ የተነሣ በደለኛው ማን እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ሆኗል። ስለዚህ በወጣቶች መካከል በእጅ ስልክ ስለሚደረገው ስድብና ማዋረድ ጥቂት ለመጻፍ ተነሣሁ። ያነሣሣኝም የራሴ ዕውቀት አይደለም፤ አንዲት ልጅ ጠይቃኝ መልስ ያጣሁለት ጥያቄ ነው።

የምኖረው በአዲስ አበባ ምዕራብ፥ በኮልፌ ቀራንዮ ነው። ባለፈው ዓመት በኅዳር ወር አንድ ሸማ ሠሪ ጐረቤቴ የዐሥራ አምስት ዓመት ልጁን ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። «የኔታ፥ ትምህርት ቤት አልሄድም ካለች ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ብጠይቃት አትነግረኝም፤ ብቈጣት ታለቅሳለች። እባክዎን እርስዎ ይጠይቁልኝ» አለኝ። አባትዮው ከማለዳ ጀምሮ እስኪመሽ ድረስ ከመወርወሪያው ጋራ የሚውል፥ ስልክንም ለመደወልና ለመቀበል ብቻ የሚያውቅ ሰው ነውና፥ ነገሩ ከወዴት እንደ መጣ አልገባውም ነበር። እርሱ ወደ ደጅ ወጥቶ ልጂቱን ለብቻዋ ባነጋግራት አስቀድማ ዝም አለች፤ ኋላ ግን ስልኳን አውጥታ በፊቴ አኖረችው።

በስልኩ ላይ የሁለት እጆች ፎቶግራፍ ይታያል። ጣቶቹ ዐጥረዋል፥ ጐብጠዋልም። እጆቹ የአያቷ ናቸው። አያቲቱ በልጅነቷ ሥጋ ደዌ ይዟት ከወሎ ለሕክምና ወደ ዘነበወርቅ የመጣች፥ ታክማም የዳነች፥ በዚያው ትዳር ይዛ ልጆች ወልዳ ያሳደገች ሴት ናት። ፎቶግራፉን ያነሣው በአንድ በዓል ቀን ከቤታቸው ገብቶ ከእንጀራቸው የበላ ሰው መሆን አለበት። ከእጆቹ በታች የልጂቱ ስም ከነአባቷ ስም ተጽፏል፤ ከስሟም ቀጥሎ ሕሙማኑ የሚሰደቡበት ያ የታወቀው ቃል አለ። የለጠፈው ሰው ስሙን ሰውሯል። የተለጠፈበትም ቦታ የክፍል ጓደኞቿ ሁሉ በሚገናኙበት በቴሌግራም ነው። በሥሩም 31 ተማሪዎች የሣቅ ምልክት አኑረውበታል።

እኔም እንደ ልማዳችን ይቅርታ ማድረግ እንደሚገባ ልመክራት ጀመርሁ። እርሷ ግን ነገሬን አቋርጣ፥ «የኔታ፥ ማንን ነው ይቅር የምለው? የጻፈውን አላውቀውም። የሣቁትን ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ» አለችኝ። በዚህ ጊዜ ዝም አልሁ። ዝም ያልሁበትም ምክንያት ሁለት ነው፤ አንደኛው ጥያቄዋ ከባድ ስለ ሆነ ነው፤ ሁለተኛውን ግን ወደ ፊት እናገራለሁ።

ይህ ስድብ በሰፈራችን ስለ ምን እንደዚህ ያለ ስለት እንዳለው አንባቢ ያስተውል ዘንድ፥ ታሪኩን በአጭሩ ማስታወስ ይገባል። በልዕልት ዘነበወርቅ ስም የሚጠራው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ከጣልያን ወረራ በፊት የተመሠረተ ነው። በ1958 ዓ.ም. ደግሞ ለመላው አፍሪካ የሥጋ ደዌ ሕክምና ማሠልጠኛ እንዲሆን በዚያው ቦታ አለርት ተቋቋመ። ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጡት ሕሙማን ከዳኑ በኋላ ስንኳ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ለመመለስ አልቻሉም፤ ስለ ምን ቢሉ ዘመድ አልተቀበላቸውምና። ስለዚህ በሆስፒታሉ ዙሪያ ጐጆ ቀልሰው ቀሩ፤ ልጆቻቸውም ምንም ደዌ ሳይኖርባቸው የወላጆቻቸውን ስድብ ወረሱ።

ደዌው ከርግማን ወይም ከዘር የሚመጣ ሳይሆን ከረቂቅ ተሐዋሲ የሚመጣ መሆኑን የገለጸው አርማወር ሐንሰን የተባለ የኖርዌይ ሐኪም ነው፤ ይህንንም ያገኘው በ1873 ዓ.ም. በበርገን ከተማ ነው። (በውጭ አገር ስለ ተደረገው ነገር የምጽፈው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።) በስሙም የተጠራው የምርምር ተቋም ዛሬ በአለርት ግቢ ይገኛል። ከ1982 ዓ.ም. ወዲህ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች በአንድነት እየተሰጡ፥ ሕመምተኛው ከ6 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ የሚድንበት መንገድ ተገኝቷል። እንግዲህ ለደዌው መድኃኒት ተገኘለት፤ ለስሙ ግን አልተገኘለትም።

የሚያስደንቀው ነገር፥ ልጆች ልጆችን ስለሚያሠቃዩበት ጠባይ አስቀድመው በሥርዐት ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ የኖረው በዚያችው በበርገን መሆኑ ነው። ይህም ሰው የስዊድን ተወላጅ የሆነው ዳን ኦልቬውስ ነው። እርሱ እንዳስተማረው፥ አንድ ክፉ ሥራ ተራ ጠብ ሳይሆን ግፍ የሚባለው ሦስት ምልክቶች ሲገኙበት ነው፤ ይኸውም ታስቦ የተደረገ እንደ ሆነ፥ የተደጋገመ እንደ ሆነ፥ የሚገፋውና የሚገፋበት ሰው ኀይላቸው ያልተመጣጠነ እንደ ሆነ ነው። በ1982 ዓ.ም. መጨረሻ በሰሜን ኖርዌይ ሦስት ወንዶች ልጆች ራሳቸውን ገደሉ፤ ምክንያቱም የባልንጀሮቻቸው ግፍ እንደ ሆነ ስለ ታመነ፥ በሚከተለው ዓመት መንግሥቱ በትምህርት ቤቶች ሁሉ ግፍን የሚቃወም ዘመቻ አወጀ። ኦልቬውስም በበርገን በ42 ትምህርት ቤቶች 2,500 ያህል ተማሪዎችን ተከታትሎ፥ በሁለት ዓመት ውስጥ ግፉ በግማሽ ያህል እንደ ቀነሰ ገለጸ። ከዚህ የምንማረው ነገር፥ ይህ ጠባይ ከሰው ተፈጥሮ ጋራ ተጣብቆ የማይላቀቅ ዕጣ አለመሆኑን ነው።

ስልክ በመጣ ጊዜ ግን ሦስቱም ምልክቶች መልካቸውን ለወጡ። ቀድሞ ተሳዳቢው ስድቡን ለመድገም በየቀኑ መድከም ነበረበት፤ ዛሬ አንድ ጊዜ የለጠፈውን ሌሎች ያለ እርሱ ድካም ሺህ ጊዜ ይደግሙለታል። ቀድሞ ኀይለኛ የሚባለው ጡንቻው የበረታው ነበር፤ ዛሬ ግን ኀይለኛው ስሙን የሰወረው ነው፤ ስሙ የታወቀው ሁሉ በፊቱ ደካማ ነው። ክፉ ማሰብም ቢሆን ከብዙ ሰው መካከል ተከፋፍሎ፥ እያንዳንዱ ድርሻው ከጣት ንክኪ የማይበልጥ ስለሚመስለው በልቡ ክፋት መኖሩን አይታወቀውም። የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት በ2019 ዓ.ም. በ30 አገሮች ከ13 እስከ 24 ዓመት ያሉትን ከ170,000 የሚበልጡ ወጣቶች ቢጠይቅ፥ ከሦስቱ አንዱ እንዲህ ያለው ግፍ በመገናኛ ተደርጎብኛል ብሎ መልሷል።

አሁን ስለ ምክንያቱ እንመርምር። በአፄ ምኒልክ ዘመን ስልክ መጀመሪያ ወደ ቤተ መንግሥት በገባ ጊዜ፥ አካሉ ሳይታይ ድምፁ የሚሰማ ነገር የሰይጣን ሥራ ነው ብለው የፈሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይነገራል። እኛ የልጅ ልጆቻቸው በዚህ እንሥቃለን። በመሣሪያው ላይ መፍራታቸው በእርግጥ ስሕተት ነው፤ ነገር ግን ቃል ከአካል ሲለይ አንድ ነገር እንደሚጐድለው ማስተዋላቸው ስሕተት አልነበረም። የሰው ፊት ለተናጋሪ ልጓም ነውና። ልጅ ባልንጀራውን ፊት ለፊት በሰደበ ጊዜ ዐይኑ እንባ ሲያቀርር፥ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ ያያል፤ ልቡም ፈጽሞ ያልደነደነ እንደ ሆነ ከዚያ አያልፍም። በስልክ ግን ይህ ሁሉ አይታየውም። ጆን ሱለር የተባለ አሜሪካዊ የነፍስ ጠባይ መርማሪ በ2004 ዓ.ም. ስለዚህ ነገር ሲጽፍ፥ ሰው ስሙ ሳይታወቅ፥ መልኩም ሳይታይ፥ መልሱንም ወዲያው ሳይሰማ ሲናገር ልጓሙ እንደሚላላ ገልጿል። ይህም የመጀመሪያው ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ዕድሜው ነው። በዐሥራ አራትና በዐሥራ አምስት ዓመት ያለ ልጅ ከአባቱ ምርቃት ይልቅ የባልንጀሮቹን አድናቆት ይመኛል። በ2005 ዓ.ም. በአሜሪካ በተደረገ ምርመራ፥ ወጣቶች በመኪና መንዳት ጨዋታ ብቻቸውን ሲሆኑ ይጠነቀቁ የነበሩት፥ ባልንጀሮቻቸው በአጠገባቸው ቆመው ሲያዩአቸው እጅግ ደፋሮች ሆነው ተገኙ። ዐዋቂዎቹ ግን ያን ያህል አልተለወጡም። ስለዚህ 31 የሣቅ ምልክት ለዚያ ለተሰወረው ልጅ እንደ ሽልማት ነው። ሣቁ ባይኖር ኖሮ ስድቡ ባልተጻፈም ነበር ማለት ይቻላል።

ሦስተኛው ምክንያት ነገሩን በሌላ ስም መጥራት ነው። ልጆቹ ቢጠየቁ ሰደብን አይሉም፤ ቀለድን፥ ተጫወትን ይላሉ። አልበርት ባንዱራ የተባለ ሊቅ፥ ደግ የሚባል ሰው ኅሊናው ሳይወቅሰው ክፉ ለማድረግ የሚችልባቸውን መንገዶች ሲዘረዝር፥ ለክፉው ነገር ለስላሳ ስም ማውጣትን፥ ጥፋትን ለብዙ ሰው ማካፈልን፥ የተበደለውን ሰው መልሶ ጥፋተኛ ማድረግን፥ ይልቁንም ሰውየውን ከሰውነት ዝቅ አድርጎ ማየትን ቈጥሯል። በዚያች ፎቶግራፍ ላይ እነዚህ ሁሉ ይገኛሉ። ይልቁንም ፊት የሌላቸው ሁለት እጆች ብቻ መነሣታቸውን አስተውሉ። የአያቲቱ ፊት አብሮ ቢታይ ኖሮ፥ ለመሣቅ ለብዙዎቹ ይከብዳቸው ነበር።

አራተኛው ምክንያት የተሳዳቢው የራሱ ቍስል ነው። ሌላውን የሚያዋርድ ልጅ ብዙ ጊዜ እርሱ ራሱ በሌላ ስፍራ የተዋረደ ነው። በቤት የተመታው በደጅ ይመታል፤ በደጅ የተመታው ደግሞ ስሙን ሰውሮ በስልክ ይመታል። ይህን ስል ጥፋቱን ለማቅለል አይደለም፤ ስድብ ከአንዱ ወደ ሌላው እንደሚተላለፍ ለማሳየት ነው።

እስከ አሁን የተናገርሁት በልጁ ልብ ውስጥ ስላለው ነው። ነገር ግን ልጆች ስድብን ከስልክ አልተማሩትም፤ ከእኛ ነው የተማሩት። በፌስቡክና በቲክቶክ ታላላቆች ሰዎች፥ የተማሩና የከበሩ የሚባሉት፥ የሌላውን ወገን በዘሩ፥ በቋንቋውና በሃይማኖቱ ሲሰድቡ ልጆች ሁሉን ይሰማሉ። እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም ከዚህ ነጻ ነን ለማለት አንችልም። ደግሞም በየቤቱና በየትምህርት ቤቱ ልጅን በጉድለቱ ስም መጥራት እንደ ጨዋታ ይቈጠራል፤ ያነከሰው በማንከሱ፥ የጠቈረው በመጥቈሩ ይጠራል። ከዚህም ሌላ ቀድሞ በሰፈር ያለ ሽማግሌ የማንንም ልጅ ይቈጣ ነበር፤ ልጁም የማን ልጅ እንደ ሆነ ስለሚታወቅ ያፍር ነበር። ዛሬ ሰዉ ከየሰፈሩ ተነሥቶ ወደ ኮንዶሚኒየም ሲገባ፥ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ ሰዎች ስንኳ አይተዋወቁም። ወላጅ ለእንጀራ ይሮጣል፤ ልጁ የሚውልበትንም ዓለም አያውቀውም። ስልክ የልጁ ሰፈር ሆኗል፤ በዚያ ሰፈር ግን ሽማግሌ የለም።

ከላይ ዝም ያልሁበትን ሁለተኛውን ምክንያት እናገራለሁ ብዬ ነበር። ዐርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ነገር ነው፤ በጐጃም በአንድ የቅኔ ጉባኤ ተማሪ ነበርሁ። ከእኛ መካከል ዐይኑ የደከመ፥ ሲመሽ ጨርሶ የማያይ አንድ ተማሪ ነበረ። አንድ ቀን ጠዋት በጐጆዎቻችን አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ሁለት ቤት ቅኔ በከሰል ተጽፎ ተገኘ። ሰሙ ስለ ሌሊት ወፍ ይናገራል፤ ወርቁ ግን የዚያ ባልንጀራችን ዐይን ነበረ። ቅኔው በቅኔነቱ ያማረ ስለ ነበረ ሁላችንም ሣቅን፤ ሣቃችንንም አድናቆት ነው አልነው። እኔ ግን በመሣቅ አልቀረሁም፤ ቅኔውን በቃሌ ይዤ ለልመና በሄድሁበት መንደር ላገኘኋቸው ለሌላ ጉባኤ ተማሪዎች ነገርኋቸው። ከዚያ ወዲያ ልጁ በሄደበት ሁሉ የሌሊት ወፍ ተባለ። ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ደበሎውንና አኰፋዳውን ይዞ ሌሊት ወጥቶ ሄደ፤ በሌሊት የማያየው ልጅ በሌሊት ሄደ። ከዚያ በኋላ አላየሁትም።

መምህራችን ነገሩን በሰሙ ጊዜ ሰብስበውን፥ «ማን ተቀኘው?» ብለው ጠየቁ እንጂ «ማን ሣቀ?» ብለው አልጠየቁም። እኔም አልተቀኘሁትም ብዬ እውነቱን መለስሁ፤ በዚህም መልስ እስከ ዛሬ ድረስ ኖርሁበት። ያች ልጅ «የሣቁትን ግን ሁሉንም አውቃቸዋለሁ» ባለች ጊዜ ይህ መጠለያዬ ፈረሰብኝ።

ብዙ ሰው ባለበት የእያንዳንዱ ኅሊና ለምን እንደሚያንቀላፋ ዳርሊና ላታኔ የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን በ1968 ዓ.ም. መርምረዋል። ተማሪዎችን በየክፍሉ ለየብቻ አስቀምጠው በድምፅ መሣሪያ ብቻ እንዲነጋገሩ አደረጉ፤ ከዚያም አንደኛው በድንገት ታምሞ ሲጨነቅ የሚሰማ አስመሰሉ። ብቻዬን ሰማሁት ብለው ካሰቡት ከ100 85ቱ ሕመሙ ሳያበቃ ለርዳታ ተነሡ፤ ሌሎች አራት ሰዎች ሰምተዋል ብለው ካሰቡት ግን የተነሡት ከ100 31 ብቻ ናቸው። ጨካኞች ስለ ሆኑ አልነበረም፤ እያንዳንዱ ሌላው ይነሣል ብሎ ስለ ጠበቀ ነው። በ2001 ዓ.ም. ደግሞ በካናዳ የትምህርት ቤት መጫወቻ ሜዳዎችን የተመለከቱ መርማሪዎች፥ ግፍ ሲደረግ ከ100 88 ጊዜ ሌሎች ልጆች ቆመው ያዩ እንደ ነበረ፥ ጣልቃ የገቡት ግን 19 ጊዜ ብቻ እንደ ሆነ ጻፉ። ነገር ግን ጣልቃ በገቡ ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው ግፍ በ10 ሴኮንድ ውስጥ ቆሟል። በፊንላንድም ክርስቲና ሳልሚቫሊ የተባለች ሊቅ ከባልንጀሮቿ ጋራ ያዘጋጀችው ኪቫ የተባለው ትምህርት፥ ከበደለኛው ይልቅ ቆሞ የሚያየውን ልጅ በማስተማር ላይ የተመሠረተ ነው። እንግዲህ ግፍን ለማቆም የሚችለው ታላቁ ኀይል የሚገኘው በሚያየው ሰው ዘንድ ነው።

ሕግስ ምን ይላል ቢሉ፥ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 በ13ኛው አንቀጽ ሰውን በዚህ መንገድ የሚያስፈራራውን፥ ደጋግሞ በመላክ የሚያስጨንቀውን፥ ክብሩንም የሚያጐድፍ ጽሑፍ ወይም ሥዕል የሚያሰራጨውን ወንጀለኛ አድርጎታል። በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግ ደግሞ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለውን ልጅ እንደ ዐዋቂ አይቀጣውም፤ ይህም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሕግ የጻፈውን ይፈልጋል እንጂ የሣቀውን አይጠይቅም፤ ሊጠይቅም አይገባውም፤ ሣቅን በዳኛ መቅጣት ከጥቅሙ ጉዳቱ ይበልጣልና። አባቶቻችን ወንጀለኛው ባልታወቀ ጊዜ አፈርሳታ ተቀምጠው የአገሩን ሰው ሁሉ ይሰበስቡ ነበር፤ ያየ የሰማ እስኪናገር ድረስ ጉባኤው አይበተንም፤ ጥፋተኛውም ካልወጣ ካሳውን አገሩ በጋራ ይከፍል ነበር። በዚህ ሥርዐት ንጹሕ ሰው ስለሚጐዳ፥ ገበሬም ከሥራው ስለሚፈታ ይመለስ አልልም። ነገር ግን በውስጡ አንድ እውነት ነበረ፤ እርሱም የተሰወረ በደለኛ የሚሰወረው በሌሎች ዝምታ ውስጥ መሆኑን ማወቅ ነው። ሕግ የማይደርስበትን ይህን ቦታ ሊሞላው የሚችለው ኅሊና ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት መቃወሚያዎች ሊነሡ ይችላሉ። አንዳንዱ፥ እኛም በልጅነታችን ተሰድበናል፥ ምንም አልሆንም፤ ስድብ ልጅን ያጠነክራል ይላል። ለዚህ የምመልሰው፥ አስቀድሞ ምንም ያልሆነው የሚናገረው ነው፤ ሌሊት ወጥቶ የሄደው ግን ከእኛ ጋራ ተቀምጦ አይመሰክርም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ ይባላልና። ደግሞም የቀድሞው ስድብ ሲመሽ ከደጅ ይቀር ነበር፤ ልጁ ወደ እናቱ ቤት ከገባ ይድን ነበር። የዛሬው ግን ከልጁ ጋራ ይገባል፥ ከመኝታውም አጠገብ ያድራል።

ሁለተኛው ወገን፥ ስልኩን ነጥቆ ነገሩን መጨረስ ነው ይላል። የአውስትራልያ መንግሥት ከ16 ዓመት በታች ያሉት ልጆች በማኅበራዊ መገናኛ የራሳቸው ስም እንዳይኖራቸው በ2024 ዓ.ም. ሕግ አውጥቷል፤ ሕጉም ከታኅሣሥ ወር 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ጸንቷል። ለትንንሾቹ ልጆች እንዲህ ያለ አጥር መሥራት ክፉ ነው አልልም። ነገር ግን ስልክ ቢነጠቅ ስድቡ ወደ ጥቍር ሰሌዳ፥ ወደ ግድግዳም ይዛወራል፤ እኛ በከሰል እንደ ጻፍነው። ይልቁንም የተሰደበ ልጅ ስልኬን ይነጥቁኛል ብሎ ስለሚፈራ ለወላጆቹ ሳይናገር ብቻውን ይሠቃያል። ያችም ልጅ ለአባቷ ያልነገረችው አንዱ ስለዚህ ነው።

አሁን ወደ እርሷ ልመለስ። ከአባቷ ጋራ ሆነን ወደ ትምህርት ቤቷ ሄድን። በዚያም የተቀበሉን ሰዎች መጀመሪያ የጠየቁት፥ «ማን ለጠፈው?» ብለው ነው፤ ይህም እስከ ዛሬ አልታወቀም። እኔም የክፍሉን አለቃ መምህርት ለብቻዋ አግኝቼ፥ ሁለተኛውንም ጥያቄ እንድትጠይቅ ለመንኋት። እርሷም አስተዋይ ሰው ነበረችና ማንንም ሳትቀጣ ለክፍሉ፥ «የጻፈው አንድ ሰው ነው፤ ያን አልጠይቃችሁም። የሣቃችሁት ግን ራሳችሁን ታውቃላችሁ፤ የልጂቱንም ቤት ታውቃላችሁ» አለቻቸው። በማግሥቱ 11ዱ ምልክታቸውን አነሡ። በእሑድ ቀን ደግሞ አራቱ ወደ ቤቷ መጡ። አያቲቱ ስለ ምን እንደ መጡ ነግረዋት ነበርና፥ ተቀበለቻቸው፤ በእነዚያው እጆቿም ቡና ቀድታ ሰጠቻቸው። ከአራቱ ሁለቱ ሲኒውን ተቀብለው ቀና ለማለት አልቻሉም ነበር። ልጂቱ ሰኞ ወደ ትምህርቷ ተመለሰች፤ ከአራቱም አንዲቱ ከቤቷ ድረስ መጥታ አብራት ሄደች።

ከዚያ በኋላ ልጂቱን ባገኘኋት ጊዜ፥ «ልጄ፥ ጥያቄሽ ተመለሰልሽን?» ብላት፥ «ለመጡት ይቅር ብያለሁ። የቀሩት ሲመጡ እላለሁ» አለችኝ። እኔ ከመጻሕፍት ስፈልግ ያጣሁትን እርሷ አገኘችው። ቂምን ከልብ ማውጣት የተበደለው ሰው ለብቻው ሊያደርገው ይችላል፤ እርቅ ግን ሁለት ፊት ይሻል። ስለዚህ ፊታቸውን ይዘው መምጣት የበዳዮቹ ዕዳ ነው እንጂ፥ ፊት የሌለውን ሰው ፈልጎ ይቅር ማለት የተበደለው ዕዳ አይደለም። እኛ መካሪዎች የተበደለውን ይቅር በል ለማለት ስንፈጥን፥ የበደለውን ግን ሄደህ ይቅር አስብል ለማለት እንዘገያለን።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ማን ሰደባችሁ ብቻ ሳይሆን ዛሬ በማን ሣቃችሁ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ ስድብም እንደ ደረሰባቸው ሲነግሯችሁ ስልካቸውን ለመንጠቅ አትቸኵሉ። መምህራን ሆይ፥ የተሰወረውን አንዱን ስትፈልጉ በፊታችሁ የተቀመጡትን ሠላሳውን አትዘንጉ። ካህናትና ሽማግሌዎች ሆይ፥ የልጆቹ አዲስ ሰፈር አለሽማግሌ መቅረቱን አስቡ፤ ቢያንስ ከእኛ ከራሳችን የሚሰሙትን ቃል እናጽዳ። ወጣቶች ሆይ፥ አንዲት ጣት የምታኖረው ምልክት ትንሽ መስሎ ይታያችኋል፤ ለሚቀበለው ሰው ግን ስሙን የሚያውቀው፥ መልኩንም የሚያውቀው ሰው ምስክርነት ነው።

ስለ ራሴም አንድ ቃል ልጨምርና ላብቃ። ያ ባልንጀራዬ በሕይወት ካለ ዛሬ ወደ ስድሳ ዓመት ሊቀርበው ነው፤ ዐይኑም ምናልባት ይህን ለማንበብ አይችል ይሆናል። አንባቢ ሆይ፥ በልጅነቱ ከጐጃም የቅኔ ጉባኤ ለጥምቀት ሁለት ቀን ሲቀረው ሌሊት ወጥቶ የሄደ ሰው የምታውቅ እንደ ሆነ ይህን አንብብለት። ቅኔውን ማን እንደ ተቀኘው እኔም አላውቅም። ከሣቁት አንዱ፥ ወደ ሌላ መንደርም ያደረስሁት ግን እኔ ነኝ፤ ወዳለበት ለመሄድም ዝግጁ ነኝ።